የመዝገብ ቤቱ ሰው በልቦለድና በሕይወት

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል የጽሑፍን ክብር ያጎላል፤ ነገር ግን አንድ ጉዳይ ሳይናገር ያልፋል። በጽሑፍ ያለው ሁሉ አይወረስም። በመጻፍና በመወረስ መካከል ረጅም ዘመን አለ። በዚያ ዘመን ውስጥ ወረቀቱን ከምስጥና ከዝናብ፣ ከእሳትና ከሹም ቁጣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከቸልተኝነት ጠብቆ የሚያቆይ ሰው መኖር አለበት። ይህ ሰው በቀድሞው ዘመን በቤተ መንግሥት ጸሐፌ ትእዛዝ፣ በቤተ ክርስቲያን ቄሰ ገበዝ ተብሎ ይከበር ነበር። በዛሬው መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይባላል። ክፍሉ አብዛኛውን ጊዜ ምድር ቤት ወይም ከደረጃ ሥር ነው፤ ወደዚያ መዛወርም በሠራተኛው ዘንድ እንደ ቅጣት የሚቆጠርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

የአማርኛ ልቦለድ ባላባቱንና ጭሰኛውን፣ ደብተራውንና ተማሪውን፣ ወታደሩንና ጋዜጠኛውን፣ የመጠጥ ቤት ሴቶችን ሳይቀር በየፈርጃቸው ሥሎ አሳይቷል። የመዝገብ ቤቱን ሰው ግን ዋና ገጸ ባሕርይ አድርጎ ያቀረበበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ሰው ብቅ ቢል እንኳ ዶሴ አቀብሎ፣ በሩን ዘግቶ ይወጣል። ይህ ክፍተት የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ከክፍተቱ በስተጀርባ ስለ ምሥጢር ያለ አንድ የተለመደ ግንዛቤ አለ፤ ይኸውም ምሥጢር ማለት የተቆለፈበት ወረቀት ነው የሚለው ነው። ከልቦለድም ከሕይወትም የሚገኙት ምሳሌዎች የሚያሳዩት ግን የመዝገብ ትልቁ ምሥጢር አብዛኛውን ጊዜ ማንም ቁጭ ብሎ ያላነበበው ተራ ወረቀት መሆኑን ነው። ስለዚህም ምሥጢሩ የሚወጣው ቁልፉን በሰበረው ጀግና ብርታት ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱን ሳይጥል ባቆየውና በትዕግሥት ባነበበው ሰው ድካም ጭምር ነው።

ወረቀት በኪሎ

በዚህ ረገድ መርካቶን ያህል የሚያስተምር ሥፍራ ማግኘት ያስቸግራል። ቆራሌው በየመንደሩ ዞሮ ከሚሰበስበው ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና አሮጌ ጫማ ጋር የወረቀት ክምርም ወደ መርካቶ ይገባል። በምናለሽ ተራና በአካባቢዋ የተጣለ ነገር ሁሉ እንደገና ስምና ዋጋ ያገኛል። ወረቀት ግን ዋጋ የሚያገኘው በተጻፈበት ነገር አይደለም፤ በክብደቱ ነው። ፌስታል እንዲህ ከመብዛቱ በፊት በነበሩት ዓመታት የአዲስ አበባ እመቤት ከቅመም ተራ ኮረሪማና ቅርንፉድ ገዝታ ስትመለስ፣ መጠቅለያው የተማሪ ፈተና፣ የከረመ ደረሰኝ ወይም ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ መሆኑ የተለመደ ነበር። ቅመሙ ወደ ድስቱ፣ ወረቀቱ ወደ ምድጃው ይሄዳል። አንድ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ያጠራቀመው ጉዳይ በዚህ ሁኔታ በየቤቱ እሳት ማያያዣ ሆኖ ቀርቷል።

ለዚህ የቅመም ነጋዴውን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። መርካቶ የሚገዛው የተሸጠለትን ነው። ውሳኔው የተሰጠው ቀደም ብሎ፣ አንድ ኃላፊ «ይህ ክፍል ይጽዳ» ብሎ ባዘዘበት ዕለት ነው። በዚያ ዕለት ከወረቀቱ ፊት የቆመው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሁለት ምርጫ ነበረው፤ ዝም ብሎ ማስጫን፣ ወይም «ጌታዬ፣ ይህ ይቆይ» ብሎ መናገር። የዚህ ሙያ ድራማ ያለው በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ነው። ልቦለድ ይህችን ቅጽበት ለመያዝ ሽጉጥም ሰላይም አያስፈልገውም።

መርካቶ ራሱ ከወረቀት የተወለደ ነው። ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከያዘች በኋላ፣ ከተማዪቱን በዘር ለመክፈል በወጣው ዕቅድ መሠረት፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም የነበረው ገበያ ለአገሬው ሰው ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ተደረገ። የተሰጠው የኢጣልያንኛ ስም ትርጉም «የአገሬው ተወላጆች ገበያ» ማለት ነበር፤ ከዚያ ስም ውስጥ ሕዝቡ «መርካቶ» የሚለውን ብቻ አስቀርቶ የቀረውን ጣለው። ለመለያየት የታሰበውንም ሥፍራ ከአራቱም ማዕዘን የመጣ ሰው ተገናኝቶ የሚነግድበት ሰፊ ገበያ አደረገው። በሰው አፍ ያለው የመርካቶ ታሪክ የንግድና የብልሃት ታሪክ ነው፤ በወረቀት ላይ ያለው የትውልድ ታሪኩ ግን የዘር ክፍፍል ነው። በየዕለቱ በመርካቶ ከሚመላለሰው ሕዝብ ይህን የሚያውቀው ጥቂቱ ቢሆን፣ ወረቀቱ ስለተሰወረ አይደለም፤ አንብቦ የሚተርክለት ስላነሰ ነው።

በገበያው ውስጥ ሌላም ዓይነት መዝገብ አለ። የእቁብ ጸሐፊው ደብተር ማን ዕጣ እንደወጣለት፣ ማን ዕጣውን እንደሸጠ፣ ማን ስንት ሳምንት እንዳሳለፈ፣ ማን ለማን ዋስ እንደሆነ ይዟል። ይህ ደብተር የአንድን ነጋዴ ስም የሚያቆምና የሚጥል ምሥጢር ነው። ጸሐፊው ግን የሚያውቀውን በየመንገዱ አያወራም፤ ዳኛው ሲጠይቀው ብቻ በማኅበርተኛው ፊት ገልጦ ያነባል። የማቆየትና የመግለጥ ሚዛን የሚባለውን የቤተ መዛግብት ባለሙያ በትምህርት ቤት የሚማረውን ያህል፣ የመርካቶ እቁብ ጸሐፊ በልምድ ያውቀዋል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የደረሰውን የመሰለ የእሳት አደጋ ሲነሣ የሚቆጠረው የጠፋው ዕቃ ዋጋ ነው። ከጨርቁ ጋር የዱቤ ደብተር የተቃጠለበት ነጋዴ ግን ንብረቱን ብቻ ሳይሆን ማን ምን እንዳለበት የሚመሰክርለትን ምስክሩንም አጥቷል።

የሣጥን ልቦለድና የገጽ ሕይወት

መዝገብን የተመለከተ ልቦለድ በብዛት የሚከተለው አንድ መንገድ ነው። በሩቅ ሥፍራ የተሰወረ ጽሑፍ አለ፤ ጽሑፉን የሚሹ ኃያላን አሉ፤ ጀግናው ቀድሟቸው ይደርሳል፤ ሣጥኑ ይከፈታል። በ2001 ዓ.ም. የታተመው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የጣና ገዳማትን፣ የስለላን ዓለምና የተሰወረ ጥበብን በማስተሳሰር ይህን መንገድ በአማርኛ ከሁሉም በላይ ተወዳጅ አድርጎታል። የመጽሐፉን ውለታ መካድ አይገባም። ከመጽሐፍ ርቆ የነበረ ብዙ ወጣት ወደ ንባብ ተመልሷል፤ ገዳማቱም የቱሪስት መመልከቻ ብቻ ሳይሆኑ የዕውቀት ማደሪያ መሆናቸው እንዲታሰብ ሆኗል።

ይሁን እንጂ የሣጥን ልቦለድ አንድ ጉድለት ይዞ ይመጣል። ምሥጢሩ አንድ ጊዜ ተገልጦ የሚያልቅ ነገር ይሆናል፤ ጠባቂውም ከበር ጠባቂ ከፍ አይልም። ጽሑፉን ማን ገለበጠው? ማን በፀሐይ አሰጣው? ማን ከአይጥና ከእርጥበት አዳነው? ማንስ ከመቶ ተመሳሳይ ድርሳናት መካከል ይህ የተለየ መሆኑን አየ? ለእነዚህ ጥያቄዎች በሣጥኑ ልቦለድ ውስጥ ቦታ የለም። ገዳሙ የጥበብ ማከማቻ እንጂ የሥራ ሥፍራ ሆኖ አይታይም።

በሕይወት የሆነውን ከዚህ ጋር ማነጻጸር ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ፣ በዓመታት ውስጥ ዘጠኝ ሺሕ ገደማ መጻሕፍት ተቀርጸዋል። የፊልሙ ቅጂ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ይህን ክምችት ገጽ በገጽ እያነበቡ ዝርዝሩን ካዘጋጁት መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚጠራው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1968 ዓ.ም. በጥይት ተመትተው ሰውነታቸው የተጎዳው እኒህ ሊቅ፣ የቀረውን ዘመናቸውን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ከፊልሙ ፊት አሳለፉ። ከንባባቸው ፍሬዎች አንዱ በ1996 ዓ.ም. በአማርኛ ያወጡት የደቂቀ እስጢፋኖስ ታሪክ ነው። ደቂቀ እስጢፋኖስ በ15ኛው መቶ ዓመት ለእምነታቸው ሲሉ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሥልጣን ጋር የተጋጩ፣ ለዚህም የተገረፉ፣ የተሰደዱና የተገደሉ መነኮሳት ናቸው። የቤተ መንግሥቱ ዜና መዋዕል ንጉሡን አክብሮ ሲያልፍ፣ የተበደሉት ወገኖች ግን የራሳቸውን ገድል በብራና ጽፈው ለደቀ መዛሙርቶቻቸው አስረክበዋል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንደሚባለው ነው። ወደ አምስት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያ ጽሑፍ በገዳም ዕቃ ቤት ቆየ እንጂ ጠላት አልቆለፈበትም። ወደ ሰፊው አንባቢ ለመድረስ ይጠብቅ የነበረው ግእዙን የሚያነብብ፣ ያነበበውንም ለዘመኑ ሰው በዘመኑ ቋንቋ የሚያስረክብ ሰው ነበር። ሰላይ የሌለበት፣ ነገር ግን ከማንኛውም የስለላ ታሪክ ያላነሰ ልብ የሚሰቅል ታሪክ ይህ ነው።

የቀድሞዎቹ ሰዎች መዝገብን ያዩበት መንገድም ከሣጥኑ አስተሳሰብ የተለየ ነበር። የርስትና የጉልት ስጦታ፣ ሽያጭና ውርስ በወንጌሉ ባዶ ገጾችና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር፤ የዘመኑ ንጉሥና ሹማምንት ስም፣ የእማኞቹ ዝርዝር፣ ውሉን በሚያፈርስ ላይ የሚወርደው ውግዘት አብሮ ይሰፍራል። ውሉ በወንጌል ላይ የሰፈረው ከሰው ዓይን እንዲሰወር ተብሎ አልነበረም፤ ማንም እንዳይፍቀው ነው። በ1942 ዓ.ም. «ዝክረ ነገር»ን ያሳተሙት ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ያደረጉትም ከዚህ የራቀ አይደለም። የጸሐፌ ትእዛዝ ልጅ ናቸው። የመሬትንና የግብርን ሥርዓት፣ የማዕረግንና የሹመትን ደንብ አሰባስበው ለአደባባይ ሲያበቁት፣ የቤተ መንግሥት ዕውቀት ማንም ተማሪ ሊገልጠው የሚችል መጽሐፍ ሆነ።

የተዘጋ ዶሴ፣ የተከፈተ ልቦለድ

ቤተ መዛግብት በተዘጋበት ዘመን ልቦለድ ምን ይሆናል? ለዚህ ጥያቄ ከበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የበለጠ መልስ የሚሰጥ ሥራ የለም። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የታተመው ይህ ልቦለድ የቀይ ኮከብ ዘመቻን በጋዜጠኛው በፀጋዬ ኃይለ ማርያም ዓይን ይተርካል። ፀጋዬ ወደ አሥመራ የተላከው ዘመቻውን እንዲያስተዋውቅ ነው። ለመሥሪያ ቤቱ የሚያቀርበው አንድ ነገር፣ ለአንባቢ የሚነግረው ሌላ ነገር ነው። ከዚህ አንጻር ሲታይ ልቦለዱ ሁለተኛ ዶሴ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ሊከፍተው የማይፈልገው፣ የውጊያውን ዋጋ፣ የሹማምንቱን ጠባይና በፊያሜታ ፍቅር የተያዘን ሰው መከፋፈል የያዘ ዶሴ ነው።

በዓሉ ራሱ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ስለነበረ ይህን ዶሴ ከውስጥ ያውቀዋል። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መቃብሩ አልታወቀም። መጽሐፉ ግን እንደተሰበሰበ አልቀረም። አንባቢው ቅጂውን እየደበቀ፣ ከእጅ ወደ እጅ እያስተላለፈ እስከ ዘመን ለውጥ አደረሰው፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ እንደገና ታተመ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጣ። በእነዚያ ዓመታት «ኦሮማይ»ን ከፍራሹ ሥር ያስቀመጠ እያንዳንዱ አንባቢ፣ ሳያውቀው የቤተ መዛግብት ባለሙያ ሆኖ አገልግሏል።

እዚህ ላይ ሐያሲ ሊያልፈው የማይገባ ነጥብ አለ። ብዙ አንባቢ «ኦሮማይ»ን ያነበበው ይህ ገጸ ባሕርይ የትኛው ባለሥልጣን ነው፣ ያኛውስ ማን ነው እያለ ነው። እንዲህ ያለው ንባብ ልቦለዱን ያጠብበዋል። ስም ፍለጋ ላይ ያተኮረ አንባቢ የፀጋዬን የኅሊና ትግል ሳያይ ያልፋል፤ ልቦለድ እንደ ቃለ ጉባኤ እንዲመሰክር ይጠይቃል፤ ባልመሰከረም ጊዜ ውሸታም ይለዋል። ጥፋቱ ግን የአንባቢው ብቻ አይደለም። መዝገቡ በተዘጋበት አገር ደራሲ የሁለት ሰው ሥራ ይጫንበታል፤ የራሱና የመዝገብ ቤቱ ሰው። በዓሉ ሁለቱንም ሠራ፤ የከፈለውም ዋጋ የሁለት ሰው ዋጋ ነው። ቤተ መዛግብት ክፍት መሆኑ ለታሪክ ምሁር ብቻ የሚጠቅም የሚመስለው ሰው ይህን ሊያስብ ይገባል። መዝገቡ ሲከፈት ልቦለዱም ነጻ ይወጣል፤ ልቦለድ ሆኖ መነበብ ይችላል።

ከዚህ በተለየ መንገድ የመዝገብ ያዥነትን ነገር ያነሣችው በውጭ አገር የምትኖረው ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ደራሲ መዓዛ መንግሥቴ ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝኛ የታተመው፣ «የጥላው ንጉሥ» ሊባል የሚችለው ልቦለዷ የሚከፈተው በአብዮቱ ዋዜማ ነው። ሒሩት የተባለች ሴት ፎቶግራፎች የሞሉበት ሣጥን ይዛ በአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ተቀምጣ አንድ ሰው ትጠብቃለች። የምትጠብቀው ሰው በወረራው ጊዜ የኢጣልያ ወታደር ሆኖ ያነሣቸው ፎቶግራፎች ናቸው። በሣጥኑ ውስጥ የራሷ የምርኮ ምስልና የወገኖቿ ሞት አለ። ይህም ሣጥን ነው፤ ነገር ግን ከሣጥኑ ልቦለድ ጋር አይመሳሰልም። ሒሩት በውስጡ ያለውን ታውቀዋለች፤ ምሥጢሩ ለእርሷ ምሥጢር አይደለም። ጥያቄው ማን የማቆየት፣ ማን የመመለስ፣ ማንስ የመተረክ መብት አለው የሚል ነው። ፎቶግራፉን ያነሣው ወራሪው ነው፤ የተነሣችው ግን ሒሩት ናት። መዓዛ የመዝገብ ያዥነትን ሥራ ለተበዳይዋ መስጠቷ የልቦለዱ ትልቁ ሐሳብ ነው።

ከዓለም ሥነ ጽሑፍም ሁለት ሥራዎች ለዚህ ጉዳይ ያግዛሉ። የጆርጅ ኦርዌል «1984» ጀግና ዊንስተን ስሚዝ የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ሥራውም ያለፉ ጋዜጦችን ከዕለቱ ፖለቲካ ጋር እንዲስማሙ አድርጎ እንደገና መጻፍ ነው። የፖርቱጋላዊው የጆዜ ሳራማጎ «ስሞች ሁሉ» የተባለው ልቦለድ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው፣ በልደትና ሞት መዝገብ ቤት የሚሠራ ተራ ጸሐፊ አንዲት የማያውቃትን ሴት ካርድ በአጋጣሚ አግኝቶ ሕይወቷን ፍለጋ ሲወጣ ያሳያል። አንደኛው ደራሲ መዝገብ ያዡን የማጥፊያ መሣሪያ፣ ሁለተኛው ደግሞ የስም የለሾች ዘመድ አድርጎ ሥሎታል። ሁለቱም ግን ይህን ሰው ዋና ገጸ ባሕርይ ለማድረግ አልናቁትም። ሁለቱም ጀግናቸው የሚያገኘው ነገር ትንሽ መሆኑን ተረድተዋል፤ አንድ ቁራጭ ጋዜጣ፣ አንድ ካርድ። ከዚያች ትንሽ ነገር የሰው ሕይወት ይወጣል።

ለፋይል የተቀመጠ ግልባጭ

በኢትዮጵያ ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ እውነተኛ ምሳሌ አለ። ከደርግ ውድቀት በኋላ በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ከየመሥሪያ ቤቱና ከየቀበሌው በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ገጽ ሰነድ ሰበሰበ። ክሱ በ1987 ዓ.ም. መሰማት ጀመረ፤ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በመንግሥቱ ኃይለ ማርያምና በሌሎች ከፍተኛ ባለሥልጣናት ላይ የጥፋተኝነት ፍርድ ተሰጠ። ለፍርዱ ምስክሮች በቃል ተናግረዋል። ከምስክሮቹ ጎን የቆመው ሌላው ምስክር ግን ራሱ ወረቀቱ ነበር። ቃለ ጉባኤው፣ የትእዛዝ ደብዳቤው፣ የእስረኛው ዝርዝር ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የተገደሉትን 60 ያህል የቀድሞ ባለሥልጣናት ዕጣ የወሰነው ስብሰባ እንኳ ቃለ ጉባኤ ነበረው።

ሰው የሚገደልበት ደብዳቤ እንደማንኛውም ደብዳቤ ነው። ቁጥር አለው፤ ቀን አለው፤ ፊርማና ማኅተም አለው፤ ግልባጩ ለፋይል ይቀመጣል። ለፋይል ያስቀመጠውም ሰው ነበር። ያ ሰው ቁጥሩን ሲሰጥና በወጪ መዝገብ ላይ ሲያሰፍረው ምን ያስብ ነበር? ሥራዬ ነው ብሎ ይሆን? ፈርቶ ይሆን? ወይስ አንድ ቀን ይጠየቅበታል ብሎ ተስፋ አድርጎ? በዚያች በተራ የሥራ ልማድ ውስጥ ለግፍ ማገልገልና ለፍርድ ማስረጃ ማቆየት አንድ ላይ ተገናኝተዋል። ይህን ሰው ፍርድ ቤት አላቆመውም፤ ታሪክም አላስታወሰውም። ሊጠይቀው የሚችል ልቦለድ ነው። የቀይ ሽብርን ዘመን ያነሡ መጻሕፍት ታጋዩን፣ ገራፊውንና የልጇን አስከሬን የምትፈልገውን እናት አሳይተዋል። በመካከላቸው የቆመው ጸሐፊ ግን ገና የሚገባውን ገጽ አላገኘም። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የሟቾችን ፎቶግራፍ በግድግዳ ላይ ደርድሯል። ከየፎቶግራፉ በታች ስም ሊጻፍ የቻለው ስሙን አንድ ሰው ስላቆየው ነው።

ለወረቀት የሚሰጠው ክብር ግን ወረቀትን ወደ ማምለክ ሊወስድ አይገባም፤ ሰነድም ይዋሻል፤ ጠባቂውም ሊሰውር ይችላል። መርካቶን በወለደው ወረራ ዘመን፣ በግንቦት 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ ስለተፈጸመው ጭፍጨፋ የግራዚያኒ ቴሌግራሞች ያመኑት የሟቾች ቁጥር 449 ነው። ኋላ ሥፍራው ድረስ ሄደው ሽማግሌዎችን የጠየቁ ተመራማሪዎች እውነተኛው ቁጥር ከዚያ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። የመርዝ ጋዙም ነገር እንዲሁ ነው። የተጎዳው ሕዝብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲናገር፣ ከጦርነቱ በኋላ የኢጣልያን የቅኝ ግዛት መዛግብት በእጃቸው ካስገቡት ሰዎች ብዙዎቹ የቀድሞው አገዛዝ ሹማምንት ስለነበሩ፣ ነገሩ ለዐሥርተ ዓመታት ተድበሰበሰ። በጦርነቱ የዘመተው ዝነኛው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ ሳይቀር ይክድ ነበር። እንደ አንጄሎ ዴል ቦካ ያሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ሳይታክቱ ከሞገቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ በሥራ ላይ መዋሉን አመነ፤ ሞንታኔሊም ለሰነዱ እጁን ሰጠ። ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛ፣ መዝገብ በበዳይ እጅ ሲቀመጥ የበዳይን ሥራ ይሠራል። ሁለተኛ፣ ያው መዝገብ በታማኝ አንባቢ እጅ ሲገባ በጌታው ላይ ይመሰክራል።

ለዛሬው ደራሲ፣ መምህርና ሹም

የዚህ ሁሉ ክርክር መድረሻ የሩቅ ዘመን ታሪክ አይደለም። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ በአዲስ ከተማም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ክፍል የብዙ ቤተሰብ ኑሮ የተንጠለጠለው በአንድ ፋይል ላይ ነው። ባለጉዳይ ከሩቅ መጥቶ በመስኮት ሲጠይቅ፣ «ፋይሉ አልተገኘም» የሚል መልስ ይሰጠዋል። ሁለት ቃል ናት፤ ነገር ግን ቤት ታስለቅቃለች፣ ውርስ ታስቀራለች፣ ወንድምን ከወንድም ታካስሳለች። ፋይሉ በእርግጥ ጠፍቶ ይሆናል፤ ተሰውሮ ይሆናል፤ ወይም ከሌላ ፋይል ጋር ተደርቦ ከመደርደሪያው ላይ እንዳለ ይሆናል። ባለጉዳዩ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የመዝገብ ቤቱ ሰው ሐቀኝነት፣ ደመወዙና ክብሩ የሕዝብ ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተውን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕዝቡ እስካሁን «ወመዘክር» እያለ ይጠራዋል። «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ከሚለው የግእዝ ስም ፊተኛው ተቆርጦ፣ ማስታወሻ ማለት የሆነው ኋለኛው ብቻ ቀርቷል። ሕዝቡ ሳያስበው የሥፍራውን ዋና ተግባር መረጠ ማለት ይቻላል። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 179 ለዚሁ ተቋም መዛግብትን የመሰብሰብ፣ የመጠበቅና ለተጠቃሚ የማቅረብ ኃላፊነት በሕግ ሰጥቶታል። ሕጉ ብቻውን ግን ከደረጃ ሥር ያለውን ክምር አያነብበውም። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ክፍል ከማጽዳቱ በፊት ባለሙያ መጥራትን ልማድ ሊያደርግ ይገባል። መምህር ተማሪዎቹን የአያታቸውን የዕድር ደብተር፣ የሠፈራቸውን እቁብ መዝገብ በባለቤቶቹ ፈቃድ እንዲያነብቡ ቢልካቸው፣ ታሪክ በነገሥታት ስም ብቻ እንደማይጻፍ ያለ ብዙ ስብከት ይረዳሉ።

ከደራሲያን የሚጠበቀው ደግሞ ይህን ሰው ከበሩ አጠገብ አንሥቶ ወደ ታሪኩ መካከል ማምጣት ነው። ጥሬ ዕቃው ሩቅ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሌላውን ሰው ጉዳይ ሲያወጣና ሲመልስ የኖረ ጸሐፊ አለ። የነጋዴዎችን ገመና ጠብቆ የሚኖር የእቁብ ጸሐፊ አለ። በምናለሽ ተራ ሚዛን ላይ ከተጫነው ክምር ውስጥ በቀይ ቀለም የተጻፈ የስም ዝርዝር አይቶ፣ ከመሸጡ በፊት አንድ ጊዜ እጁን የገታ የወረቀት ነጋዴ ሊኖር ይችላል። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ያለ አንድ ስም ከመርካቶ ብዙም በማይርቅ ቤት ውስጥ ዛሬም የሚጠበቅ ልጅ ስም ሊሆን ይችላል። ልቦለዱ ከዚያ ሊጀምር ይችላል።